በነጠላዬ ያስቆምኳት ማኪና

ጎንደር ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ስለዚያ ቅዳሜ ሲያነሱ «ነጠላዋን አንጥፋ ልጇን ከሞት ያተረፈች» ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር እንዲህ ተብዬ ከፊት ወንበር ተለቆልኛል። «ነገሩ እንደዚያ አይደለም» ብዬ አላውቅም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ያ ወንበር ስላልተመቸኝ ነው።

ስሜ ዘርፌ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ከባለቤቴ ከማንደፍሮ ጋር አውቶ ፓርኮ ሰፈር የማኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈትን። ማንደፍሮን ሊማሊሞ ወሰደብኝ፤ ፍሬን እንቢ ያለው የጭነት ማኪና ውስጥ ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሱቁን ግን አልዘጋሁትም።

አስማረ ማንደፍሮ ክርስትና ያነሳው ልጅ ነው። እናቱ ስታርፍ እኛ ቤት መጣ፤ እኛው ዘንድ አደገ። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ከሱቄ አጠገብ ጋራዥ አለው። «እማ» ይለኛል። ሚስቱ የሺ ነርስ ናት። አባቷ አያ መኮንን ትክል ድንጋይ ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ለመካኒክ ሲሰጡ ቅር ብሏቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አስማረም ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የከተማችን የማኪና ወዳጆች ተሰብስበው የእሽቅድምድም ማኅበር አቋቋሙ። ውድድሩ ለአሮጌ የቤት ማኪና ነው፤ ማኪናዋን ባለቤቷ ራሱ መሥራት አለበት። ጠዳ በኩል ገና ለትራፊክ ያልተከፈተ አዲስ አስፋልት ነበር፤ እዚያ ላይ አንድ በአንድ፣ ሰዓት እየተያዘ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይነዳል። ሰብሳቢው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኤልያስ የሚባል ሰው ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሱቄ ውስጥ ነው፤ እኔ ዕቃ እየሸጥኩ እሰማ ነበር።

ስለ ሞተር ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ማኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው ከወጣችው ዓይነት ሞተር ሌላ እንዳይገባ፣ ሲሊንደሩ ከልኩ በላይ እንዳይሰፋ፣ ካርቡሬተሩም አንድ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ሞተሩ ከታየ በኋላ በሽቦ ታስሮ ይታሸጋል። ከጎማው በላይ አካሏን ስለሚሸከመው ሞላ ግን ደንቡን ያወጣው አስማረ ነው።

«የተቆረጠ ሞላ ክልክል ይሁን» አለ። «ወይ የፋብሪካው፣ ወይ ማኅበሩ የፈቀደው አጭር ሞላ።»

«ምነው? ሁሉም ሰው አይደል የሚቆርጠው?» አለው ካሳሁን። ካሳሁን አሮጌ ፊያት ያለው፣ አፉ የማያርፍ የታክሲ ሹፌር ነው።

«ስትቆርጠው ማኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ኩርባ ላይ አትወላገድም። እሱ ሸጋ ነው። ግን የኋላው አካል ወደ ላይ ሲነሳ ጎማው ይንጠለጠላል። ሞላው ካጠረ በመቀመጫው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም። ተነቅሎ ይወጣል። ያን ጊዜ መሪህን ለማን ትሰጠዋለህ?»

ሁሉም ሳቁ። መመርመሪያውም ተወሰነ፤ ማኪናው በክሪክ ይነሳል፣ የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ መርማሪው እጁን አስገብቶ ሞላውን ያዞራል። ከዞረ አያልፍም። እጄ ትንሽ ስለሆነና ዕቃውን ስለማውቅ መርማሪ እንድሆን ኤልያስ ጠየቀኝ።

«ሌላው ሁሉ ለጓደኛው ያዳላል፤ እርስዎ ግን ለማን ያዳላሉ?» አለኝ።

አስማረን ቀና ብዬ አየሁት። እየሳቀ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሚሠራትን ነጭ ኮሮላ አያት ጀመር። ወንበሮቿን አውጥቶ ውስጧን በብረት ማገር አጠናከረ። ሞተሯን ፈትቶ ገጠመ። ሲያስነሳት ድምጿ ሱቄ ድረስ ይገባና መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቡሎኖች ያንቀጠቅጣል። እኔ የምሰማው ግን ሌላ ማኪና ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ ዕቃ መካከል ደንቡ የሚፈቅደው አጭር የኋላ ሞላ ወጣ። ጥንድ ነው። አስማረ ያዘዘው ነው። ካርቶኑን ከመሸጫ ጠረጴዛዬ ስር ገፋሁት። ከሰዓት በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«እማ፣ ሞላዬ መጣ?»

«አልመጣም።»

«በሚቀጥለውስ ይመጣ ይሆን?»

«እንጃ።»

ይህን ስመልስለት እግሬ ካርቶኑ ላይ አርፎ ነበር። የማኪናዋ የራሷ ሞላ ለትክል ድንጋይ መንገድ ተብሎ በጎማ ከፍ የተደረገ ስለሆነ፣ በዚያ ቁመት ለውድድር እንደማትሆን አውቃለሁ። ሞላ ካጣ ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። አስማረም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ጸጥ ሲል ተወው ብዬ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም በዚያ ሰሞን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አመስግኛለሁ።

የውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት ጠዳ ስንደርስ ግን የአስማረ ኮሮላ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፋለች። አያ መኮንን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ይዞሯታል። ከትክል ድንጋይ ሊያዩት መምጣታቸው ነው፤ ከሰርጉ ወዲህ ለእሱ ብለው ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ምነው እንዲህ ዝቅ አለች? ለአይጥ የምታደባ ድመት አስመሰሏት እኮ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ያየሁት እሱኑ ነበር። ማኪናዋ ዝቅ ብላለች። አጭሩ ሞላ ደግሞ ሱቄ ውስጥ፣ ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ምርመራው ተጀመረ። ከካሳሁን ፊያት ጀመርኩ። እጄን ሳስገባ «እትየ ዘርፌ፣ ቀስ ይበሉ፣ ትኮረኮራለች» አለኝ። ሞላው አልዞረም፤ አለፈ። የአስማረ ተራ ሲደርስ ልጆቹ ክሪኩን ከስር አስገቡ።

«አሁን እጅ አይገባም፤ የልጇን ማኪና ስማ ነው የምታሳልፋት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ መሳሙስ ይሁን» አለ ካሳሁን። «አያ መኮንን፣ ማኪናዋ ለምን ዝቅ እንዳለች ልንገርዎት? አማችዎ ሞላውን ቆርጦት ነው!»

ቀልዱን ነበር። አያ መኮንን ግን ቀልድ አልያዙትም። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ማን? ልጄን የሰጠሁት ሰው? ደንብ ሲያወጣ ከርሞ ራሱ ሊያፈርስ? አስማረ ይህን አድርጎ ከሆነ ያባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ሳቁ ቆመ። በእኛ አገር ሽማግሌ ያባቱን አጥንት ጠርቶ ከማለ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። እጄን ከጎማው በላይ ባስገባ የምመረምረው ሞላ መሆኑ ይቀራል፤ የእሳቸውን አባት ከመቃብር አስነስቼ ውሸታም ነህ ማለቴ ነው። ወደ አስማረ ዞርኩ። ንጹሑን እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። አላየኝም። ያን ጊዜ አወቅሁ።

አወቅሁ እንጂ ጠረጠርኩ አልልም።

«ክሪኩን አውጡት» አልኩ። «ታልፋለች።»

ኤልያስ ቀረብ ብሎ «እትየ፣ ሳያዩት?» አለኝ በዝግታ።

መልሱን የሰጠው ካሳሁን ራሱ ነው። «ሰውየው እኮ አጥንት ማሉ፣ ኤልያስ! ሌላ ምን ፈለግህ?» ሌሎቹም «ልክ ነው» አሉ። ኤልያስም ልጆቹን በእጁ ጠቀሰ፤ ክሪኩን አወጡ።

መንገዱ ከመነሻው ቀጥ ብሎ ይሄድና፣ ውኃ ማሳለፊያ ቱቦ የተቀበረባት ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ኩርባ ይገባል። በግራ በቀኙ ጭድ የተሞላ ጆንያ ተደርድሯል። እኔ ከጉብታዋ ትንሽ ፈንጠር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የአስማረ የመጀመሪያ ዙር ሲመጣ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ጆሮዬን ግን መጨፈን አልቻልኩም። ማኪናዋ ጉብታዋን ስትዘል ከኋላዋ «ኳ» የሚል የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ ጎማዎቿ መሬት ሲነኩ ደግሞ ሌላ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች የላላ ብረት ይዘው ወደ ሱቄ ሲመጡ ሰምቻለሁ። ሞላው ከመቀመጫው ተነስቶ ተመልሶ መቀመጡ ነው።

በሰላም ገባ። ሰዓቱም ከካሳሁን ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። አያ መኮንን ጋቢያቸው እስኪወድቅ አጨበጨቡ።

ወደ አስማረ ሄድኩ። ማኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ውኃ ይጠጣል።

«ሞላው ይጮሃል» አልኩት።

«አሞርዛተሩ ነው፣ እማ።»

«አስማረ።»

ጠርሙሱን ዝቅ አደረገ።

«ክሪክ እናምጣና እንየው።»

«አያ መኮንን ፊት? ያባታቸውን አጥንት ጠርተው? ሽማግሌውን በምን ዐይኔ ልያቸው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ዙር ናት የቀረችኝ። ጉብታዋን ቀስ ብዬ አልፋታለሁ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ።»

እዚህ ላይ የምናገረው ነገር ነበረኝ። ካርቶኑ ነበረኝ። «ሞላህ ሱቅ ውስጥ ነው፣ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ ውረድ» ብለው ኖሮ ይወርድ ነበር።

«እሺ» አልኩት።

ተመልሼ ከአያ መኮንን አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ።

«ሸጋ ልጅ አሳድገሻል፣ ዘርፌ» አሉኝ። «እኔ ስለ መካኒክነቱ ንቄው ነበር። ዛሬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ከዙሩ ሲመለስ።»

ቆሎው እጄ ውስጥ ቀረ። ከወዲያ ማዶ ባንዲራው ሲወርድ አየሁ፤ የሞተሯ ድምፅ ተነሳ። ቀስ አላለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው የበለጠ ፈጠነ። ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ፤ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

በአካባቢያችን ወንዶች ሲጋጩ አንዲት ባልቴት ነጠላዋን አውልቃ በመካከላቸው ታነጥፋለች። የተነጠፈ ነጠላ ተራምዶ የሚማታ የለም። እናቴ ስታደርገው አይቻለሁ። በሰው መካከል ነው እንጂ በማኪና ፊት ይነጠፍ አይነጠፍ አላሰብኩም። በጆንያዎቹ መካከል አልፌ፣ ከጉብታዋ በፊት፣ አስፋልቱ ላይ ነጠላዬን ዘረጋሁና ከኋላው ቆምኩ። «እትየ! እትየ!» የሚል ሰማሁ።

አየኝ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ።

በዚያች ቅጽበት የማኪናዋ አፍንጫ ወደ መሬት ሲደፋ፣ ኋላዋ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ሁሉም በዝግታ የሆነ መሰለኝ። ከስሯ አንድ ነገር ተፈናጥሮ አስፋልቱ ላይ ነጥሮ ተንከባለለ። ማኪናዋ በአንድ ጎኗ ቁጭ አለች፤ ዞረች፤ የፊት ጎማዋ የነጠላዬን ጥለት ረግጦ በአጠገቤ አለፈ፤ ማኪናዋም ጆንያዎቹን ገፍታ ቦይ ውስጥ ገባች።

ሲያወጡት ከቀኝ እጁ በቀር ደኅና ነበር። እጁ በተጣመመው መሪ ውስጥ ተቆልፎ የእጅ አንጓው ተሰባብሮ ነበር። የሺ ደርሳ ባላት ነገር አሰረችው። ሰዉ እኔን ከብቦ ያቅፈኛል። «እግዜር ልኮሽ ነው!» «ጉብታዋ ላይ ቢሆን ኖሮ አልቆለት ነበር!» ካሳሁን ያለቅሳል። አያ መኮንን ብቻ ወደ እኔ አልመጡም። አስፋልቱ ላይ ወደ ወደቀው ሞላ ሄዱ፤ አነሱት። አንደኛው ጫፉ በግራይንደር ተቆርጦ ያብረቀርቃል። ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። ከዚያ እንደ ሕፃን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙት።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሦስታችን ተቀመጥን፤ እኔ፣ የሺና አያ መኮንን። ሞላው ከእሳቸው እግር አጠገብ ነው። የሚያልፈው ሁሉ ያየዋል።

«ሞላው እኔ ዘንድ ነበር» አልኩ።

የሺ ዞረች። «የቱ ሞላ፣ እማ?»

«ሊገጥመው የሚገባው። ሱቄ ውስጥ ነው። መጥቶለት ሳለ አልመጣም አልኩት። እንዳይነዳ ብዬ ነው።»

የሺ አፏን በእጇ ያዘች። አያ መኮንን ግን አልተቆጡም።

«ከመማሌ በኋላ እሱን አይተሽው ነበር?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«አውቀሻል?»

«አውቄያለሁ።»

ሞላውን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «እንግዲህ እኔ ሳላይ ማልኩ» አሉ። «አንቺ እያየሽ አሳለፍሽ።»

ተነስተው ልጃቸውን ግንባሯን ስመው፣ ሞላውን ትተው ሄዱ።

ወደ አስማረ የገባሁት እጁ በጄሶ ከታሰረ በኋላ ነው። ስለ ካርቶኑ ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አይቼው ነበር» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ሱቁን ስጠብቅልሽ። ከጠረጴዛው ስር።»

«ታዲያ ለምን አልወሰድክም? ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አንድ ጊዜ የለም ብለሽኛል። ድጋሚ ብጠይቅሽ ዋሽተሻል ማለቴ አይደል? ራስሽ እስክትሰጪኝ ጠበቅሁ።» ጣሪያውን አየ። «ቀኑ ደረሰ፤ አልሰጠሽኝም። ቆረጥኩት።»

ሳላለቅስ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼም አላለቀስኩም። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ስር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

አንባቢዎቼ፣ እንደ ሌላው ሰው «ባትቆሚ ኖሮ ይሞት ነበር» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ምናልባት ልክ ናችሁ። ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር ያችን ጉብታ በሰላም ዘሏታል። ባልቆም ኖሮ ሁለተኛም ይዘላት፣ ማታ ጋራዡን ዘግቶ ሞላውን በሁለት ጤነኛ እጁ ይፈታው ይሆን ነበር። ሞላውን ከመቀመጫው ያስነሳው ፍሬኑ ነው፤ ፍሬኑን ያስረገጠው ነጠላዬ ነው። የትኛው ይሆን እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም። እኔን የሚከብደኝ ግን ነጠላው አይደለም። ነጠላ ማንጠፍ የሚያስፈልግበት ሰዓት ላይ የደረስኩት፣ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ ነው። ሱቅ ውስጥ «መጥቷል» ማለት፤ ምርመራው ላይ «ላየው» ማለት፤ ማኪናዋ በር ላይ «ውረድ» ማለት። ሁሉንም ያስቀረሁት በፍቅርና በይሉኝታ ነው። እሱም ያልጠየቀኝ በፍቅርና በይሉኝታ ነው። አያ መኮንንም የማሉት በፍቅር ነው። ከመካከላችን ክፉ ሰው ስፈልግ አጣሁ። የተሰበረ እጅ ግን አለ።

ጄሶው ሲወልቅ የአስማረ ጣቶች እንደ ቀድሞው አልታጠፉም። ቁልፍ ይይዛል፤ ትንሽ ቡሎን ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ለሠራተኛዋ ትቼ ጋራዡ እሄዳለሁ። ከማኪና ስር ሆኖ «ያዥልኝ» ይለኛል፤ ቡሎኑን እይዝለታለሁ፤ እሱ ያጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ያዙልኝ» ነበር የሚለኝ፣ እንደ እንግዳ ሰው በአክብሮት። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩት። አጭሩን ሞላም ኮሮላዋ ላይ አብረን ገጠምነው።

በቀደም ማኅበሩ ሁለተኛ ውድድር አዘጋጀ። አስማረ መሪ ጨብጦ መወዳደር ስለማይችል የሺ ልንዳ አለች። ስትነግረኝ «እሺ» አላልኩም፤ «እፈራለሁ» አልኳት። «እኔም» አለችኝ። ይህን ያህል ነው የተነጋገርነው፤ ለእኔ ብዙ ነው።

አያ መኮንን መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን። ማኪናዋ በክሪክ ተነሳች፣ የኋላ ጎማዋ ተንጠለጠለ። ካሳሁን እንኳ አልቀለደም። እኔ ነጠላዬን ወደ ኋላ አጣፍቼ ተንበረከክሁ፤ ጥለቱ ላይ ያለው የጎማ ምልክት ታጥቦ አልለቀቀም። እጄን ላስገባ ስል ጎማው ዘንድ ቆም አልኩ። ባለፈው እጄ የቀረው እዚያ ነበር።

«አስገቢ እንጂ፣ ዘርፌ» አሉ አያ መኮንን ከበላዬ። «ደኅና አድርገሽ እዪው።»

ሞላውን ጨበጥኩ። አዞርኩት። አልዞረም። ሌላውንም እንደዚያው።

«ታልፋለች» አልኩ።

የሺ ስትነዳ ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዐይኔን አልጨፈንኩም። ኮሮላዋ ጉብታዋ ላይ ስትነሳ፣ ከስሯ ብርሃን ሲታይ፣ ተመልሳ ስታርፍ አየሁ። ከሞተሯ በቀር አንድም ድምፅ አልተሰማም።

ልብ ስል ግን ቆሜያለሁ። አንድ እግሬ ከጆንያዎቹ አልፎ አስፋልቱ ላይ ነበር። አስማረ አይቶኛል። ቀረብ ብሎ በጤነኛው እጁ ክንዴን ያዘኝ። እግሬን መለስኩት።